የዩናን ድራም

«ለሟቹ ምኑ ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

ብሮና እጇን ከሳሙናው አረፋ ሳታወጣ ዞር አለች። ጠያቂዋ ከሦስት በር ማዶ የሚኖሩት ወይዘሮ ሀርኪን ናቸው። ለለቅሶው የሚያውሱትን ስኒ በትሪ ደርድረው ደረታቸው ላይ አስደግፈዋል።

«ድራም እመታለሁ» አለች።

«እሱስ ይሁን። እኔ ያልኩሽ ለሟቹ ምኑ ነሽ ነው።»

«እሱ ደግሞ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። አብረን ነን።»

«እህ» አሉ ወይዘሮዋ። ያቺ «እህ» ረዘም አለች። ትሪውን አስቀምጠው ወደ ኮሪደሩ ሲመለሱ ብሮና የቧንቧውን ውሃ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው፤ ሹክሹክታው ግን ውሃውን አልፎ መጣ።

«እሷ ናት?»

«እሷው ናት።»

«በሚስቱ ኩሽና?»

«ስኒ እያጠበች፣ እኮ!»

ዩናን ዴቬኒ የሞተው ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ ደብዳቤ በማደል ላይ እንዳለ ነው። ፖስተኛ ነበር። በዴሪ ከተማ ካሉት ዳገቶች ሁሉ በሚከፋው ዳገት ጫፍ ላይ የአንዲት አሮጊት በር አንኳኳ፤ አሮጊቷ በሩን ሲከፍቱ ከደፉ ላይ ተዘርሮ አገኙት። ገና አርባ አራት ዓመቱ ነበር። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። አሁን ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ገርበብ ብሎ፣ የግድግዳው ሰዓት እንደ አገሩ ልማድ እንዲቆም ተደርጎ፣ ለሠርግ ብቻ የሚያወጣውን ግራጫ ሱፍ ለብሶ ክዳኑ በተከፈተ ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል። ዛሬና ነገ ቤቱ ይውላል። ከነገ ወዲያ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከቅዳሴው በኋላ ወደ ኮረብታው መቃብር ነው።

ሣጥኑ ወደ ቤት ከገባ ጀምሮ ብሮና ከኩሽና አልራቀችም። ሻይ አፍልታለች፣ የካምና የእንቁላል ሳንድዊች ቆርጣለች፣ ያልቆሸሸ ስኒ ሳይቀር አጥባለች። ሳሎን ግን አልገባችም። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄዳለች። ከመንገድ ጀምሮ የተሰለፈው ሰው እየገባ፣ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን ወንበሮች ተከትሎ እጅ እየጨበጠ ያልፋል። የመጀመሪያው ወንበር የእናቱ ነው፤ «እግዜር ያጽናዎት፣ ወይዘሮ ፊሎሚና።» ሁለተኛው የሚስቱ፤ «አይዞሽ፣ ደርቭላ።» ሦስተኛው የእህቱ፤ ከዚያ የአጎት ልጅ፣ ከዚያ የአክስት ልጅ። እያንዳንዱ ወንበር ስም አለው። ብሮና እነዚያን ወንበሮች በዓይኗ እየቆጠረች ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ስኒዎቿ ተመለሰች።

ሲተዋወቁ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። የሰበካውን የሰልፍ ባንድ የሚመራው አጎቷ ነበርና ብሮና ድራም የተማረችው በዝናብ እየተራመደች ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ባንድ እንመሥርት ብለው አዳራሹ ውስጥ ሲሰበሰቡ፣ ጊታር የያዙት ልጆች ቁጥር ከተመልካቹ ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። ዩናን አርፍዶ መጣ። የቀረው ማንም የማይፈልገው፣ አንገቱ የተጣመመ ባለ አራት ክር ቤዝ ብቻ ነበር። «ይሁን» ብሎ አነሳው። ሲጀምሩ ብሮና እሳት የተነሳባት ይመስል ሮጠች፤ ጊታሮቹም ተከትለዋት ሮጡ፤ ዘፈኑ ገደል ገባ። ሌላው ሁሉ ሲሳደብ ያ ዝምተኛ ልጅ ብቻ የቤዙን ገመድ እየጎተተ መጥቶ፣ ትልቁ ድራም ሲመታ ንፋሱ ሱሪውን እስኪነካው ድረስ ተጠግቷት ቆመ።

«ቀስ በይ» አላት። «ማንም እያሳደደን አይደለም።»

ከዚያ ወዲያ ቆሞ የሚጫወተው እዚያው ቦታ ላይ ሆነ።

በዴሪ መዝፈን የሚፈልግ ሰው እንደ አሸዋ ነው፤ ጊታር የሚነካ ደግሞ ከዚያም ይበዛል። ቤዝና ድራም ግን የሁለቱ ነበር። አዲስ ባንድ የሚያቋቁም ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነሱን በር ነው፤ እነሱም እምቢ ማለት አያውቁም። አንድ ሰሞን አራት ባንድ ውስጥ ገብተው ነበር። ከሁሉ የታወቁት የማላኪው «የቆርቆሮ ዝናብ» እና የካሃሉ «ሰባት ቁጥር አውቶቡስ» ናቸው። ሁለቱ ዘፋኞች፣ ማላኪና ካሃል፣ ድሮ አንድ ባንድ ነበሩ፤ በአንዲት ሴት ነው የሚሉ አሉ፣ በአንድ ዘፈን አዝማች ነው የሚሉም አሉ፣ ብቻ ተጣልተው ተለያዩ። ዩናንና ብሮና ግን በፍቺ ጊዜ ለሁለት እንደማይቆረጥ የእርሻ በሬ ሆነው የጋራ ቀሩ። አንድ ቅዳሜ ሁለቱም ባንዶች አንድ መጠጥ ቤት ተጠሩ። ማላኪ ጨርሶ ሲወርድና ካሃል ሲወጣ፣ ብሮናና ዩናን መድረኩ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ዩናን ረጋ ብሎ ጃኬቱን አወለቀና ገልብጦ ለበሰው።

«ዩናን! አሁን ደግሞ የማን ሆንክ?» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።

«የእናቴ!» አለ ዩናን፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ማላኪና ካሃል ለቅሶ የደረሱት በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አንዱ በፊት በር፣ ሌላው በጓሮ ገባ። እጃቸውን ጨባብጠው፣ ሣጥኑ አጠገብ ቆመው፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ኩሽና ደረሱ። ወዲያው ጓሮው ውስጥ ድምፃቸው ከፍ ሲል ብሮና እጇን በፎጣ እየጠረገች ወጣች።

«አባ ኮናል ከቁርባን በኋላ አንድ ዘፈን ፈቅደዋል» አለ ማላኪ። «አንድ ብቻ። የኛን 'ወደቡ'ን እንጫወታለን።»

«እሱን? ዩናን እኮ ያንን ዘፈን እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የሚጠላው» አለ ካሃል።

«ላንተ ነገረህ?»

«ፊቱ ነገረኝ።»

«ፊቱማ ያንተን ሲጫወትም ያው ነው። ሰውየው የነበረው አንድ ፊት ነው!»

ካሃል ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ግን አልሳቀም። ሁለቱም እኩል ወደ ብሮና ዞሩ።

«ብሮና፣ አንቺ ከኛ ጋር ነሽ፣ አይደል?»

«ከማን ጋር ልትሆን ነው? ከኛ ጋር ናት እንጂ!»

ብሮና ፎጣውን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

«ቤዙን ማን ሊጫወት ነው?» አለች።

ካሃል ጫማውን ያይ ጀመር። ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ በዚያች ከተማ አንድ ሰው እንኳ «ሌላ ቤዝ የሚጫወት ልጅ እናሠልጥን» ብሎ አያውቅም። ለምን ይላል? ዩናን አለ።

ማላኪ ተገልብጦ የነበረ ባልዲ ላይ ተቀመጠና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። ካሃል አላቀፈውም፤ አይዞህም አላለውም። ጥቂት ቆሞ አየውና አፉ ላይ የነበረውን ሲጋራ አውጥቶ ሰጠው። ማላኪ ተቀብሎ አጨሰ። ብሮና የሁለቱንም ጀርባ እያየች በሩ ላይ ቆመች፤ ለቅሶው ወደ እሷም ይመጣ እንደሆን ጠበቀች። አልመጣም። ደረቷ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ አይፈስም።

በዚያ ምሽት ቤቷ ሄዳ፣ ከነጫማዋ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ማንቸስተርን አሰበች። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት የዚያ ከተማ አንድ ትልቅ ባንድ ለክረምቱ የኮንሰርት ጉዞ ድራም የሚመታ ሲፈልግ ጠርቷት ነበር። እንድትሄድ የገፋፋት ዩናን ነው። «ሂጂ፤ ካልሄድሽ ዕድሜ ልክሽን ሳንድዊች ስትበዪ ታወሪዋለሽ» አላት። ሄደች። ሆቴሉ ጥሩ፣ ሰዎቹ ጨዋ ነበሩ። የዚያ ባንድ ቤዝ ተጫዋች አንዲት ምት አይስትም፤ እንደ ግድግዳ ነው፣ ተደግፈሽው መቆም ትችያለሽ። ግን ብሮና ቀና ብላ ስታየው እሱ ሁልጊዜ የሚያየው የራሱን ጣቶች ነበር። ዩናን ጣቶቹን አይቶ አያውቅም። የሚያየው ትከሻዋን ነው፤ ትከሻዋ ከፍ ሲል አንድ ነገር ልታደርግ መሆኑን ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ገና እሷ ሳታውቀው እሱ እዚያ ደርሶ ይጠብቃታል። ክረምቱ ሲያልቅ «እንድትቀሪ እንፈልጋለን» አሏት። እሷ ግን በመርከብ ተመለሰች። በአውቶቡስ ጣቢያው ዩናን የፖስታ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ሻንጣዋን ተቀበላት። ለምን ተመለስሽ አላለም።

«ማክሰኞ ልምምድ አለ» ነው ያላት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወይዘሮ ፊሎሚና ከዘራቸውን እያንኳኩ እስከ ኩሽና መጡ። የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው፤ ጆሯቸው ደክሟል።

«ምነው ትናንት ሙሉ ቀን ሳላይሽ?»

«ስኒ እያጠብኩ ነበር፣ ወይዘሮ ፊሎሚና።»

«ምን?»

«ስኒ!»

«ስኒውን ተይው። ስኒ የሚያጥብ ሞልቷል፤ ይሄ መንገድ ሴት አጥቶ አያውቅም።» ክንዷን ያዙና እየጎተቱ ወደ ኮሪደሩ አወጧት። አባ ኮናል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሊገቡ ነበር። «አባ፣ ይቺ የዩናን ድራም ናት» አሏቸው።

«ድራም መቺዋ ማለትዎ ነው?»

«ድራሙ ነው ያልኩት። የደከመው ጆሮዬ ነው እንጂ ምላሴ ደህና ነው።»

ኮሪደሩ ውስጥ የተሰለፈው ሰው ሐዘን ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ። ብሮናም ልትስቅ ስትል ሳሎኑ በር ላይ ደርቭላን አየቻት። ደርቭላ ሁሉንም ሰምታለች። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ጠፋ። ደርቭላ ሰዉን በትከሻዋ እየከፈለች አለፈችና ደረጃውን ወጣች።

«ሂጂ» አሉ ወይዘሮ ፊሎሚና።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ ነዋ! እኔ ደረጃ መውጣት አልችልም።»

መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው አይታይም፤ የእንግዶች እርጥብ ካፖርት ተከምሮበታል። ደርቭላ ክምሩን ገፍታ ጠርዙ ላይ ተቀምጣለች። ብሮና በሩን ዘግታ እዚያው ተደግፋ ቆመች። ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚህ ሁለት ሴቶች «ደህና ዋልሽ» ከመባባል ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ቀድሞ ደርቭላ ሁሉም ዝግጅት ላይ ትገኝ ነበር፤ ድንገት ቀረች፤ ለምን እንደቀረች ዩናንም አልተናገረ፣ ብሮናም አልጠየቀች።

«የሚሉትን ሰምተሻል» አለች ደርቭላ።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ ንገሪኝ። ነበር?»

«አልነበረም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።»

ደርቭላ ከክምሩ ላይ የማታውቀውን ሰው ካፖርት እጅጌ ይዛ ትጠመዝዘው ጀመር። «አውቃለሁ» አለች። «አውቃለሁ እኮ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ቢኖር ኖሮ ፀጉርሽን ይዤ ከደረጃው እወረውርሽ ነበር፤ ይወጣልኝ ነበር። የሌለ ነገር በምን ፀጉሩ ይያዛል?»

ብሮና ጀርባዋን ከበሩ አላቀቀች።

«ልምምድ ላይ ሆናችሁ ልጠይቃችሁ መጥቼ ነበር። ጎሚስታው ፎቅ ላይ፣ ታስታውሻለሽ? በሩ ክፍት ነበር። አላያችሁኝም። እየተጫወታችሁ ድንገት ቀና ብላችሁ ተያያችሁና ሳቃችሁ። ማንም ምንም አልተናገረም እኮ! አልተነካካችሁም። ሁለታችሁም በአንድ ቅጽበት እንደዚያ ሳቃችሁ። ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልመጣሁም።» እጅጌውን ለቀቀችው። «በምን ነበር የሳቃችሁት?»

ብሮና ማስታወስ አልቸገራትም። እንደዚያ የሳቁባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ።

«ተሳስተን ነው» አለች። «እሱ ቀድሞ ገባ፤ አንድ ምት ቀደመ። እኔም እዚያው ቦታ ላይ፣ እኩል፣ ያንኑ ስሕተት ሠራሁ። ሌሎቹ ልክ ነበሩ። እኛ ሁለታችን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ወደቅን።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ደርቭላ አፍንጫዋ ውስጥ የቀረ ሳቅ የመሰለ ነገር አሰማች። «እኔ አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እኩል ተሳስተን አናውቅም» አለች። «ሁልጊዜ አንዳችን ልክ ነን።» ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና አለቀሰች፤ ካፖርቶቹም አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ወለሉ ላይ ወደቁ። ብሮና ጎንበስ ብላ ታነሳቸው ጀመር። ደርቭላ በእንባዋ መካከል አየቻት።

«አንቺ ለምንድነው የማታለቅሺው? ትናንት ሙሉ ቀን ስትንጎዳጎጂ ነበር የዋልሽው።»

«ምን ብዬ ላልቅስ?» አለች ብሮና፤ እጇ ውስጥ የሰው ካፖርት እንደታቀፈች። «እናቱ ልጄ ይላሉ። አንቺ ባሌ ትያለሽ። እህቱ ወንድሜ ትላለች። እኔ ምን ብዬ ልጥራው? ሰው ምኑ ነሽ ሲለኝ ድራም እመታለሁ ነው የምለው። በድራም ይለቀሳል?»

ደርቭላ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ዝናቡ መስኮቱን ይገርፋል፤ ከታች የጸሎተኞች ድምፅ ይሰማል።

«በስሙ ጥሪው» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ምን አለ?»

አብረው ወረዱ። ሳሎኑ ውስጥ ደርቭላ በእሷና በዩናን እህት መካከል ካለው ወንበር የእጅ ቦርሳዋን አንስታ መሬት አስቀመጠች። ብሮና ግን ገና አልተቀመጠችም፤ እስከ ሣጥኑ ሄደች። ፊቱን ለማየት ስላልደፈረች ጣቶቹን አየች። መቁጠሪያው ተጠምጥሞባቸዋል። የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ በክር የደደረው ቆዳ እንዳለ ነው፤ ሞት እሱን አላለሰለሰውም።

«ዩናን» አለች፤ በሁካታ መካከል፣ ከድራሙ ኋላ ሆና እንደምትጠራው።

መልስ እንደሌለ ያወቀችው ያኔ ነው። እንባዋም መጣ። ደርቭላ በክንዷ ደግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ሊደርስ የገባው ሰው ሁሉ እጅ ሲጨብጥ እናቲቱን፣ ሚስቲቱን፣ ከዚያ ብሮናን ጨበጠ። ወይዘሮ ሀርኪን ሳይቀሩ «አይዞሽ» አሏት፤ ምኑ እንደሆነች ግን ደግመው አልጠየቁም።

በቀብሩ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ከቁርባን በኋላ ማላኪና ካሃል አንድ ጊታር ብቻ ይዘው አብረው ወጡ። እነዚያ ሁለት ድምፆች በአንድ ላይ ከተሰሙ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። የመረጡት ዘፈን የአንዳቸውም አልነበረም፤ ከመጣላታቸው በፊት አብረው የሠሩት የልጅነት ዘፈን ነው። ሁለተኛው አንጓ አልቆ፣ ዩናን ብቻውን የሚጫወትባት ቦታ ስትደርስ ካሃል እጁን ከክሩ ላይ አነሳ። ማላኪም ዝም አለ። አልተነጋገሩበትም፤ ከልማድ ነው። ዘመዶች ዘፈኑ የተረሳ መስሏቸው ተያዩ፤ አባ ኮናልም ቀና አሉ። በየወንበሩ የተበተኑት የዴሪ ሙዚቀኞች ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያቺን ባዶ ቦታ እስከ መጨረሻዋ ሰሟት። ብሮና እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተው ነበር። አላንቀሳቀሰቻቸውም። ከዚያ ሁለቱ ዘፋኞች እኩል ተነፈሱና ቀጠሉ።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። ሣጥኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ መቃብሩ በሰው ትከሻ ይሄዳል፤ ስድስት ሰው ይሸከማል፣ ሲደክመው ሌላ ስድስት ይተካል። መጀመሪያ ዘመዶች፣ ከዚያ ፖስተኞቹ፣ ከዚያ ማላኪ፣ ካሃልና ሌሎቹ ተሸከሙት። ዳገቱ ሊጀምር ሲል የቀብር አስፈጻሚው ቀጣዮቹን ለመጥራት እጁን ሲያነሳ ደርቭላ ካፖርቷን አውልቃ ለወይዘሮ ፊሎሚና ሰጠችና ወደፊት ወጣች።

«እኔ እሸከማለሁ» አለች። «ከእኔ ትይዩ እሷ ትሁን።»

አስፈጻሚው ሁለቱን አየ። ቁመታቸው እኩል ነው። ከኋላ በኩል አቆማቸው። ሣጥኑ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ደርቭላ ከሥሩ እጇን ዘርግታ የብሮናን ትከሻ ያዘች፤ ብሮናም የእሷን ያዘች።

«በግራ እግር» አለ አስፈጻሚው ከፊት። «ግራ… ቀኝ…»

ከፊት ያሉት አራቱ ወንዶች ልክ ገቡ። ብሮናም ገባች፤ እግሯ ሰልፍ ላይ ምት ስቶ አያውቅም። ደርቭላ ግን አልሆነላትም። አንዷን እርምጃ ታረዝማለች፣ ሌላዋን ታሳጥራለች፣ እንባዋን ለመዋጥ በመካከል ትቆማለች፤ ሣጥኑም በእሷ በኩል ይዘነብላል። አስፈጻሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፤ «ግራ… ቀኝ…»

ብሮና መቁጠሯን ተወችው። ጆሮዋን ወደ እርጥቡ አስፋልት፣ ወደ ደርቭላ ጫማ አዘነበለች። ደርቭላ ስትቆም ቆመች። ደርቭላ እግሯን ስታነሳ፣ የራሷን አነሳች።